አባየ የመረቀው ሶኬት

ትናንት ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ጥቁር ሻሼን ፈታሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አባቴን ይዤ ልወጣ ነው... በጥቁር ካየኝ ይጠይቀኛል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባየ የድብ ባሕር ገበሬ ነው። ሳንባውን ታሞ እዚህ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ ሰነበተ። ሐኪሙ «ቤት ሆኖ በኦክስጅን ማሽን ማገገም ይችላል። ግን ማሽኑ በኤክስቴንሽን እንዳይሰካ፣ አልጋው አጠገብ ሶኬት አስገቡለት» አለን። መብራት እንዲህ በሚጠፋበት አገር የሰው እስትንፋስ ግድግዳ ላይ ሊሰካ... ይሁን። ለሚጠፋበት ሰዓት ትንሽ ሲሊንደር ተዋስን። የቀረው ሶኬቱ ነው። የተከራየሁት ክፍል ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ነው፣ እሱም በሩ ጋ።

ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። «እታለም፣ እኔ እያለሁ ለአባየ ሶኬት ትጨነቂያለሽ?» ብሎ ሽቦውንና ካቻቢቴውን ይዞ ከተፍ አለ።

ችግሩ ቆጣሪው ነው። ቆጣሪውም ማጥፊያውም ያለው አከራዬ ቤት ውስጥ ነው። እሳቸው ደግሞ በራቸውን ቆልፈው ለተዝካር ትክል ድንጋይ ሄደዋል። ተከራይቶ የኖረ ሰው መላውን ያውቀዋል... መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ነው! ሲጠፋ ይሠራል። ስንቱን እንዲህ አሠርተናል።

እንደ ልማዱ ምሳ ሰዓት ላይ ድርግም አለ።

«ተመስገን!» አለ ደሳለኝ። መብራት ጠፋ ብሎ የሚያመሰግን ሰው አይቼ ስለማላውቅ ሳቄ መጣ።

«ቢመጣስ?» አልኩት።

«ምነው እታለም፣ የኛን መብራት አታውቂውም እንዴ? ሳይመሽ አይመጣም።»

አሮጌውን ሶኬት ፈትቶ አዲሱን ሽቦ ከሱ ጋር አገናኘው። ከዚያ በግድግዳው ጥግ ጥግ ምስማር እየመታ ሽቦውን እስከ አልጋው ድረስ አመጣው። አልጋው ሥር በርከክ አለና ጫፉን በጥርሱ ይልጥ ጀመር።

«ፒንሳ የለህም?»

«ጥርስ እያለልኝ!» አለና መልሶ ነከሰው።

መብራት መጣ።

ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ታውቁት የለ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚጮሁ። እኔም ወደ አምፖሉ ቀና ብዬ «እሰይ!» አልኩ። ወንድሜ ሽቦ ነክሶ፣ እኔ እሰይ...

ዘወር ስል ደሳለኝ ግድግዳው ሥር ተኮራምቷል። ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ሮጦ ገብቶ በመጥረጊያ እንጨት ሽቦውን ከአፉ አላቀቀለት። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው፣ አባየ የተኛበት ሆስፒታል። አባት ፎቅ ላይ ኦክስጅን ይስባል፣ ልጅ ምድር ቤት ትንፋሹ የለም። ሐኪሞቹ ብዙ ታገሉ። አልሆነም።

ድብ ባሕር ወስደን ቀበርነው። ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹ ተማከሩና «አባቱ በዚህ ትንፋሽ መርዶ አይነገረውም፤ እንዲያው አንዱ ሞት ይብቃን» አሉ። ሐኪሙም «ለጊዜው አትንገሩት» አለ። ሶኬቱን የደሳለኝ የሥራ ጓደኛ እያለቀሰ ጨረሰው። አከራዬ ተመልሰው ቆጣሪውን በገዛ እጃቸው አጥፍተውለት፣ ሠርቶ እስኪወጣ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላሉም።

እና ትናንት አባየን አስገብተን አልጋው ላይ አጋደምነው። ማሽኑን የምሰካው እኔ ነበርኩ። ጠላሁት ያንን ሶኬት፣ ነቅዬ ብጥለው በወደድኩ። ግን ሰካሁት። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ፣ የአባየ ትንፋሽም ቀስ በቀስ ረጋ አለ። ዘወር ብሎ ግድግዳውን አየ።

«ደሳለኝ ነው የሠራው?»

«አዎ አባየ።»

«ሸጋ አርጎታል። ምነው ታዲያ እሱ የጠፋ? ሳይጠይቀኝ?»

«መተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ... ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም።»

ውሸቱ ሳልደናቀፍ ወጣልኝ። ራሴን ፈራሁት።

አባየ እጆቹን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ዘረጋ። እጁ አልቋል፣ ምርቃቱ ግን እንደ ድሮው ነው።

«እንደ ወጣ በሰላም ይመልስልኝ! እጁን ይባርክልኝ! ከኔ ዕድሜ ቀንሶ ለሱ ይጨምርለት!»

ቤቱ ሙሉ ዘመድ ነው፣ አንድም ቀና ያለ የለም። አባየ እጁን እንደዘረጋ ይጠብቃል። ምርቃት ደግሞ ያለ አሜን አይቀርም...

«አሜን» አልኩ።