የአሮጌው መናኸሪያ ደረጃ

የካቲት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሞጣ ከተማ በቀድሞው መናኸሪያ ግቢ ሊሠራ የታሰበው የሕዝብ ማዕከል ንድፍ ለነዋሪዎች ቀረበ። መብራት ስላልነበረ ንድፉ በትልልቅ ወረቀት ታትሞ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቤተ መጻሕፍት፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ ሱቆች፣ የሕዝብ መጸዳጃና የልጆች መጫወቻ አለው። በግቢው ያሉት አምስቱ የድንጋይ ደረጃዎች ግን የሉበትም።

እዚያ የተገኘሁት ለዘገባ ነው። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ደረጃው የለም» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። እጄን አውጥቼ አልተናገርኩም። ዘጋቢ በስብሰባ ላይ የራሱን ጉዳይ አያነሣም። ይህን ደንብ ሥራ ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ ጠብቄዋለሁ።

ደረጃው ግን የራሴ ጉዳይ ነበር።

ያደግኩት ቢቸና ነው። አባቴ መምህር ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ሞጣ ተመድቦ ሲያስተምር ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ተወዳጀ፤ ወደ ቢቸና ከተዛወረ በኋላም የትምህርት ቤት ልብሴን በየዓመቱ የሚሰፉልኝ እኚሁ ሰው ነበሩ። ቢቸና ልብስ ሰፊ ጠፍቶ አይደለም። እናቴ ጳጉሜ በመጣ ቁጥር፣ «አንድ ዩኒፎርም ለማሰፋት ግንደወይንን አልፎ የሚሄድ ሰው አንተን ብቻ አየሁ» ትለው ነበር። አባቴ ጋዜጣውን በብብቱ ሸጉጦ፣ የእኔን እጅ ይዞ ወደ አውቶቡሱ ይሄዳል።

ደረጃው ድሮ የእህል መጋዘን መግቢያ ነበር ይባላል። መጋዘኑ ፈርሶ ድንጋዮቹ ብቻ ቀርተዋል፤ አምስቱን ወጥተው የሚደርሱበት ቤት የለም። ከላይኛው ሰፊ ደረጃ ላይ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደርድረው፣ ሸራ ወጥረው ይሠሩበት ነበር። አባቴ ሦስተኛው ላይ ይቀመጥና ሳምንታት ያለፉበትን ጋዜጣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያነባል። እኔ ከላይ ቆሜ እለካለሁ። ልብስ ሰፊው የቀሚሴን ጫፍ ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፈው ይቀመቅሙታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሳድግ እንዲለቀቅ።

«ይቺ እንደ እናቷ አጭር ናት፤ አታድግም» ይላቸዋል አባቴ ቀና ሳይል።

«መምህር፣ አንተ ጋዜጣህን አንብብ። የእኔን ሥራ ለእኔ ተወው።»

በዓመቱ እናቴ እጥፋቱን ስትለቀው፣ ተደብቆ የከረመው ጨርቅ ቀለሙ እንደ አዲስ ነበር። በቀሚሴ ዙሪያ ጠቆር ያለ መስመር ይዤ ትምህርት ቤት እገባለሁ።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። የተቀበረው ቢቸና ነው። በዓል በመጣ ቁጥር መቃብሩ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እዚያ ግን አላገኘውም። ስናፍቀው የሚታየኝ ሦስተኛው ደረጃ ላይ አጎንብሶ ገጽ ሲገልጥ ነው። እዚያ ተቀምጦ የተነሣው ፎቶ የለንም። ድንጋዩ ከተነሣ በእጄ የሚቀር ማስረጃ አይኖርም።

መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር ከተዛወረ ወዲህ ግቢው ባለቤት የሌለው ሆኗል። ክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በጋ ፌስታልና አቧራ ነው። ከልብስ ሰፊዎቹ የቀሩት የአባቴ ወዳጅ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ማዕከሉ እንዲሠራ ከሚፈልጉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። አባቴ ሞጣም ቢቸናም ሕዝብ የሚያነብበት ቤት እንዲኖር እንደተመኘ ነው የሞተው።

ስብሰባው ጥሩ ነበር። ከሐዋሳ የመጣው ወጣት አርክቴክት ረጋ ብሎ አስረዳ። ንድፉ ላይ የሕንፃው ትልቅነት እንዲታይ ብሎ ትንንሽ ሰዎች አስገብቶበታል፤ አንዱ ውሻ በገመድ ይጎትታል፣ አንዷ በቁምጣ ትሮጣለች።

«እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ?» አሉ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት። «ከሞጣ አይመስሉም።»

«ለመጠን ማሳያ ናቸው፣ እማማ» አለ አርክቴክቱ።

«ውሻውም?»

አዳራሹ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። መጨረሻ ላይ እንደ ወጉ ምርቃት ሆነ። ከክርስቲያኑ አንድ ቄስ መረቁ። ከሙስሊሙ የአባቴ ወዳጅ እንዲመርቁ ተጠየቁ። ከመምረቃቸው በፊት ወረቀቱን ጠጋ ብለው አዩት። የጎደለውን አይተዋል ብዬ መጻፍ አልችልም። ጣታቸውን ደረጃው መሆን በነበረበት ቦታ ላይ አሳርፈው ጥቂት እንደቆዩ ግን አይቻለሁ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ። የሚገባበት ሰው አይጥፋ። ሠሪውንም ቤቱንም አላህ ይጠብቅ።»

ሁላችንም «አሚን» አልን። ቃለ ጉባኤው ላይ «ነዋሪው ንድፉን በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ተብሎ ተጻፈ።

ከስብሰባው በኋላ ወደ ደረጃው ሄድኩ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ሱሪ ያሳጥራሉ።

«ጋሼ፣ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ?»

«ደረጃው የለም ብለው።»

«መርቅ ተባልኩ፣ መረቅሁ። አክብሮ ያስነሣኝን እንግዳ፣ እኔን አጉድለሃል እያልኩ ልመርቅ?»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አልቋል። ጠዋት የመረቅሁትን ከሰዓት ላፍርሰው? ቀበሌ ነኝ እንዴ?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ሱሪውን አራገፉት።

«እቤቴ ወስጄ መስፋት እችላለሁ። ግን እዚህ ሰው ሲያልፍ ያየኛል፣ ቁልፉ የተበጠሰበት ሁሉ ይቆማል። ቁልፍ ትከሉልኝ ብሎ የሰው ቤት የሚያንኳኳ የለም። አባትሽም የመጣው በቁልፍ ነው። እዚህ ባልቀመጥ ኖሮ እኔና አባትሽ የት እንተዋወቅ ነበር?»

መለመን ሥራዬ አይደለም። መጠየቅ ግን ሥራዬ ነው። በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አርክቴክቱን አግኝቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት።

«ግቢው የተለካው በምን ቀን ነው?»

ላፕቶፑን ከፍቶ ፈለገው። «ዓርብ። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት።»

«ደረጃውን ምን ብላችሁ መዘገባችሁት?»

«ፍርስራሽ፤ አገልግሎት የማይሰጥ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ማንም አልነበረበትም። የለካሁት እኔ ራሴ ነኝ።»

ያዘዘውን ሻይ ሳይጠጣ እስኪቀዘቅዝ ተወው። ከዚያ በዝግታ፣ «የጁምዓ ሶላት» አለ።

በገበያ ቀን ብቻውን ተመልሶ መጣ። እኔም ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁ። ልብስ ሰፊው የሜትሩን ጫፍ ይዘውለት ከታች ወደ ላይ አብረው ለኩ። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ስለነበር አንዱን ለመለካት ሌላውን ማስነሣት ነበረባቸው።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ደንበኛው በሌለበት ልክ የሚወስድ ሰፊ አይቼ አላውቅም።»

«አጠፋሁ፣ አባቴ።»

«አላጠፋህም፤ ገና አልቀደድክም። ጨርቁ አለ።»

«ታዲያ ንድፉ ከተለወጠ ምርቃቱስ?»

«ምርቃቱ እንዳለ ነው። የሚገባበት ሰው አይጥፋ አላልኩም? እኔም ሰው ነኝ።»

ሥራቸውን ትተው አብረውት ቆዩ። ሰዎቹ ሲመናመኑ ደረጃ በደረጃ በጣታቸው እያመለከቱ ሲነግሩት፣ እሱም በእርሳስ ሲጽፍ አየሁ። አሁን ድምፃቸው ዝቅ ስላለ የሚሉት እኔ ጋ አይሰማም ነበር። ሄጄም አልጠየቅሁም።

የተሻሻለውን ንድፍ ያየሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ግንባታው አልተጀመረም፤ መቼ እንደሚጀመርም የነገረኝ የለም። ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሰሜን ተጠግቷል፤ በሩ ከላይኛው ደረጃ ፊት ለፊት ይከፈታል። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ ከጎናቸው «ነባር፤ አይነካም» ተብሎ ተጽፏል። ከላይኛው ላይ ሸራና የስፌት መኪና ተሥሏል። ውሻው የለም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ጋዜጣ ዘርግቷል።