በቁሟ ፍትሐት የተደረገላት ሴት

ልጅ ሳለሁ፣ በጋ በመጣ ቁጥር ውጭ አገር፣ ስኔልቪል በምትባል ከተማ ካለው ቤታችን ጓሮ አባቴ ሥጋ ይጠብስ ነበር። በአንዱ በጋ፣ በልተን ስንጨርስ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት የአባቴ አጎት ጋሽ ወርቁ ተረት ያወሩልናል። ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ ካጠገባቸው አልነሳም። አባቴ ግን ሳህን እየሰበሰበ ያልሰማ ይመስላል።

አንድ አመሻሽ ላይ ስለ አንዲት ሴት ጀመሩ። ቤቷ የሞላ፣ ልጇን አሳድጋ ለቁም ነገር ያበቃች ሴት ነበረች። አንድ ቀን ንብረቷን ለዘመድ አከፋፍላ ገዳም ገባች። ሰሌን ላይ አስተኝተው ነጭ ጨርቅ አለበሷት፤ ካህናቱም ለዓለም ሞታለች ሲሉ ለሞተ ሰው የሚደረገውን ጸሎት፣ ፍትሐትን፣ በቁሟ ደገሙላት። ከዚያ ተነሥታ የምንኩስና ቆቧን ደፋች።

ክው አልኩ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ መነኩሴ አይቼ አላውቅም። በሕይወት ላለ ሰው የሙታን ጸሎት!

«ባሏ ዲቮርስ አድርጓት ነው?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፣ ተዋደው ኖረው ሞት ነው የለያቸው።»

«ዲፕረስድ ሆና ነዋ?»

ሳቁ። «ሰው የሚመነኩሰው ሲከፋው ብቻ ይመስላችኋል። እሷ አልከፋትም። ‹ዕድሜዬን ሙሉ ጸሎቴ በሥራ መሐል የምትሰረቅ ነበረች፤ የቀረኝን ሙሉውን ለእግዚአብሔር ልስጠው› ነው ያለችው።»

«ልጇስ?»

«ልጇ ፍትሐቱ ሲደገም ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲህ ‹እናትህስ?› ሲሉት ‹ሞታለች› ይላል።»

«ጋሼ፣ ይተዉት በቃ» አለ አባቴ ከኋላዬ።

ዞር ስል የሰበሰበውን ሳህን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደኛ ያያል። ሳሎናችን ውስጥ ፎቶዋ የተሰቀለው አያቴ፣ ሳልወለድ ሞታለች የተባለችው የአባቴ እናት ትዝ አለችኝ።

«ዳዲ፣ አያቴ አለች?»

ጋሽ ወርቁ ናቸው የመለሱልኝ። «አለች። በየቀኑ ስሙን ጠርታ ትጸልይለታለች፤ ያንቺንም ትጠራለች።»

«የኔን ስም ማን ነገራት?»

«እኔ» አለ አባቴ፣ ፍሙን እያየ። «ስትወለጂ ጻፍኩላት።»

ስለዋሸኝ ብዙ ቀን አኮረፍኩት። እንዴት ሰው የገዛ እናቱን በቁሟ ይቀብራል እያልኩ ስገረም ከረምኩ። አያቴ ለምን እንደዚያ እንደመረጠች ደግሞ፣ ዛሬ ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ ነርስ ሆኜ ስሠራ እንኳ፣ ግማሹ ነው የገባኝ።

ባለፈው ዓመት በእርግጥ ማረፏን ሰማን። ያኔ አባቴ «እኔ ድሮ አልቅሼላታለሁ» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ፤ ሥራ ሊሄድ ነበር። በሩ ጋ ደርሶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና እስኪመሽ አለቀሰ። ያን ሁሉ ዓመት ሞታለች ሲለኝ፣ እሱ ራሱ በልቡ አንድ ቀን እንኳ አላመነውም ነበር።