ኳስ የጣለ ራሱ ይወርዳል

ከሰፈሬ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በወጣሁበት ዋዜማ፣ ምሽት ላይ፣ እናቴ ሻንጣዬን ስትፈታና ስታስር አመሸች። ሹራብ ትጨምራለች፣ መልሳ ታወጣለች፣ ደግሞ ትጨምራለች። እሷ የምታውቀው ከወጣቶች ምርጥ ቡድን ጋር ናይሮቢ ተጫውቼ በሳምንቱ እንደምመለስ ነው። እኔ ግን እንደማልመለስ አውቃለሁ። ዓይኗን ላለማየት የታኬታዬን ክር እየፈታሁ እቋጥር ነበር። አሰልጣኜ ጋሽ ታደሰ እንዳልነግራት አስጠንቅቀውኛል፤ ቀበሌ ጠርቶ በቁርአን ቢያስምላት እውነቷን እንድትምል ነው። ዛሬ ደርግም አልፎ፣ የሚያስፈራኝ ሰው ሳይኖር እንኳ፣ ይህን ስጽፍ በሩን አየት አደርጋለሁ።

ጋሽ ታደሰ ቀን ቀን የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበሩ። ከሥራ መልስና እሑድ እሑድ ደግሞ እኛን የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ወደ እንጦጦ ያወጡናል። ሜዳችን፣ ሜዳ ካሏት፣ ከኪዳነ ምሕረት ወረድ ብሎ ባሕር ዛፍ መሀል ያለች ተዳፋት ነበረች። ኳሳችን አንዲት ናት፤ በተቀደደች ቁጥር ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ይሰፏታል። አንድ ጥንድ ታኬታ ለሁለት ልጅ ያካፍላሉ። በቀኙ የሚመታው ልጅ የግራውን ያጠልቃል፤ ባዶ የቀረው ቀኝ እግሩ መምታት ስለሚፈራ ሳይወድ በግድ ግራውን ይማራል። ወደ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ሲያስሮጡን «ፕሮፌሽናል የሚሆነው ሳንባ ያለው ነው» ይሉናል። ቃሉን ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ ከመሀላችን ፕሮፌሽናል በዓይኑ ያየ አልነበረም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። የሜዳችን ጫፍ ገደል ስለሆነ ኳስ የጣለ ልጅ ራሱ ወርዶ ያመጣል፤ እሱ እስኪመለስ ደግሞ ማንም አይቀመጥም። ገደሉ ጅብ አያጣውም፤ የወረደው ልጅ ቢጣራ እንድንሰማው ሁላችንም ጫፉ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ሰው ገደል ልኮ የሚቀመጥ ቡድን፣ ቡድን አይባልም ይሉ ነበር።

ያኔ አፈሳው በርትቷል። ታላቅ ወንድሜ አብዱ ከታክሲ ላይ ተይዞ ወደ ሰሜን ከተላከ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። የብሔራዊ ውትድርናው ተራ ለእኔም ደርሶ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር የታገሠኝ ከናይሮቢ እስክመለስ ብቻ ነበር። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ደሞዝተኛ ዋስ ይጠራል። አባቴ ሞቷል፣ ደሞዝተኛ ዘመድ የለኝም፤ ጋሽ ታደሰ ፈረሙልኝ። በዚያች የዋዜማ ምሽት ሊሰናበቱኝ መጥተው እስከ አጥሩ ሸኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ካልተመለስኩ እኮ የሚይዙት እርስዎን ነው» አልኳቸው።

«እኔን ቢይዙኝ ያስሩኛል። ከእስር ይወጣል። አብዱ ከሄደበት ማን ሲመለስ አየህ?» አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። «እኔ ያሳደግሁህ ለኳስ ነው።»

ከአጥሩ ከመውጣታቸው በፊት መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኙ። እሳቸውም እንደኔ እንደፈሩ ያኔ አወቅሁ።

ከቡድናችን ጋር አንድ ካድሬ ተጉዟል። ፓስፖርታችንን ሰብስቦ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶታል፤ ሽንት ቤት ስንገባ እንኳ በር ላይ ይቆማል። ጨዋታው አልቆ ተመልካቹ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ማሊያዬን ገልብጬ ለብሼ ከሕዝቡ ጋር ወጣሁ። ታኬታዬ አስፋልቱ ላይ ቋ ቋ ሲል ከተማው በሙሉ የሚሰማኝ መሰለኝ። አውልቄ በብብቴ ይዤ በካልሲ ሄድኩ። ስሜን የሚጠራ ሰው ያለ እየመሰለኝ ዘወር ማለት አልቻልኩም።

ያገሬ ልጆች ኢስሊ የሚባለው ሰፈር አስጠጉኝ። ልትወጡ የምታስቡ ካላችሁ ልንገራችሁ። ኡጋሊ የሚሉትን ምግብ መጀመሪያ ሳይ ገንፎ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ መሀሉን ብቆፍር ብቆፍር ቅቤም በርበሬም የለ። የሐምሌው ብርድ የእንጦጦን ይመስላል፤ ዝናብ ግን የለውም፣ ሐምሌ ያለ ዝናብ እንዴት ሐምሌ ይባላል? ሰላምታቸው ደግሞ አጭር ነው። እኛ የቤተሰቡን ጤና መጠየቅ ስንጀምር እነሱ ጨርሰው ሄደዋል። አከራዬ የነበሩት ሶማሌ ሽማግሌ ገና በመጀመሪያው ቀን ፖሊስ ቢመጣ አላውቅህም አሉኝ። ኪራይ ሲደርስስ ብላቸው፣ ያኔ በደንብ አውቅሃለሁ አሉ።

እየዋለ ሲያድር አንድ የናይሮቢ ክለብ ለሙከራ ጠራኝ። ጥሩ እየተጫወትኩ ሳለ በግራዬ የመታኋት ኳስ አጥሩን ዘላ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ። ከኋላዬ ተዋት እያሉ ይጮሁብኛል። እነሱ ዘንድ ኳስ የሚያመጣ ሰው አለ፣ ትርፍ ኳስም ሞልቷል። እግሬ ግን የሚያውቀው የእንጦጦን ሕግ ነው። ኳሷን አቅፌ ቀና ስል ፖሊስ ፊት ለፊቴ ቆሟል። «ኪታምቡሊሾ» አለኝ፤ መታወቂያ ማለቱ ነው። አልነበረኝም።

ጣቢያ ወስዶ ኳሷን መኮንኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ተጫዋች መሆኔን ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ተጫዋች ኳስ ሊያመጣ መንገድ ሲወጣ አይቼ አላውቅም» አለኝ መኮንኑ። «ወይ ሌባ ነህ፣ ወይ ስደተኛ ነህ። ሌባ ከሆንክ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ። ስደተኛ ከሆንክ ኤምባሲህን እንጠራለን። የቱ ነህ?»

«ሌባ ነኝ» አልኩት።

እስክሪብቶውን ጥሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ዋስ አለህ ወይ ሲለኝ ግን እንባዬ መጣ። የክለቡ አሰልጣኝ ደርሶ፣ ሁለተኛ ኳስ ስታመጣ ባይህ አባርርሃለሁ እያለ ፈረመልኝ። በቡድኑም ያዘኝ፤ የስደተኛ ወረቀቱም በእሱ ብርታት ተገኘ። እኔ ግን ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ የማየው የጋሽ ታደሰን እጅ ነበር። ዛሬ እኔም እዚሁ ኢስሊ ልጆች አሠለጥናለሁ። ኳስ ያወጣ ራሱ ያመጣል፤ እኛም ቆመን እንጠብቀዋለን። ወላጆቻቸው ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል።

ክለቡ ከያዘኝ ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር የፈራሁትን ነገረኝ። ጋሽ ታደሰ ታስረው ነበር። አሁን ቢፈቱም፣ ልጁን ካላስመጣህ እስር ቤት እንመልስሃለን ብለዋቸዋል። ከዚያ ወዲያ ኤምባሲው ድረስ እሄድና ከበሩ ማዶ ቆሜ እመለሳለሁ። መግባቱን ፈራሁ፣ አለመግባቱንም ፈራሁ። መጨረሻ ላይ ፖስታ ቤት ሄጄ ወደ ሰፈራችን ሱቅ ደወልኩና ባለሱቁ ጋሽ ታደሰን አስጠራልኝ።

«ሙሔ» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። ቀጥለው ጮክ ብለው፣ ወረቀት እንደሚያነብ ሰው፣ «አገርህ ይቅር ብላሃለች፣ በሰላም ተመለስ» አሉ። እንዲህ ተናግረው አያውቁም። አጠገባቸው ሰው እንደቆመ ገባኝ።

«ልምጣ ወይ ጋሼ?»

የልምምድ ወሬ እንደሚያወሩ ሆነው፣ «አንድ ልጅ ኳስ ጥሎ ገደል ወርዶብን ነበር» አሉ። «እስካሁን አልወጣም።»

«ቆማችሁ እየጠበቃችሁት ነው?»

«የለም፣ ተቀምጠናል» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ሌላ ኳስ አውጥተን ጨዋታችንን ቀጠልን። እሱም እዚያው ይጫወት።»

መስመሩ ተዘጋ። ድምፃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እያጉረመረሙ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። እንጦጦ ላይ ሌላ ኳስ ኖሮን አያውቅም።