ለናቲ የተጸለየ ዕለት

በምኖርባት የታከር ከተማ፣ አንድ የኳስ ሜዳ አጠገብ ፓርክ ሳደርግ የታጨደ እርጥብ ሣር ሸተተኝና ወንድሜ ናቲ ትዝ አለኝ።

ተጫዋች ተጫዋችን እየጣለ ኳስ የሚነጥቅበትን ራግቢ እንዲጫወት አንድ የፈረንሳይ ክለብ ሲወስደው እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። በመሄጃው እሑድ፣ መንገደኛ ሁሉ እንደሚጸለይለት፣ ቸርች ውስጥ ፊት ወጥቶ ተንበረከከ። ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ሞቃት እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው፣ «ጌታ ሆይ፣ ማንም እንዳይነካው ጠብቀው» ብለው ጸለዩ።

ናቲ ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ሥራዬ እኮ መመታት ነው» አላቸው።

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን መልሰው ራሱ ላይ ጫኑ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንግዲያው ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው አታሳጣው» አሉ።

ዛሬም ጨዋታውን በስልኬ ሳይ፣ ናቲ በወደቀ ቁጥር የሚዘረጋለትን እጅ እፈልጋለሁ። ካሜራው ግን ሁልጊዜ ኳሱን ተከትሎ ይሄዳል።