ሸራ ለብሶ የኖረው መኪና

በዚያ ዓመት ድሬዳዋ የሄድኩት ለሥራ አልነበረም። አዲስ አበባ በምሠራበት ጋዜጣ ክፍል ስልክ ተደወለና ሳነሳው እናቴ ትጮሃለች። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ትጮህ ነበር፤ ድምፅዋ እዚያ ድረስ በጉልበት የሚጓዝ ይመስላታል። ሁለት ነገር ነገረችኝ። አባትህ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ የኩባንያውን ቤት እንለቃለን። ደግሞ አንድ ፈረንጅ መኪናውን ልግዛ እያለ ይመላለሳል፤ አባትህ ግን አያናግረውም። ሦስተኛውን ሳትናገረው ገባኝ። መጥተህ አናግረው ማለቷ ነበር።

ባቡሩ ጠዋት አደረሰኝ። ሌሊቱን በተቀመጥኩበት ስላሳለፍኩት አንገቴ አልዞር ብሎ ነበር። ከጣቢያው ቤታችን ሩቅ አይደለም፤ የባቡር ኩባንያው ለሠራተኞቹ ከሠራቸው የከዚራ ሰፈር ቤቶች በአንዱ ነው ያደግሁት። ዛፎቹ እንደነበሩ ናቸው፤ የቤቶቹ አጥር እንደነበረ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን የማስበው ይህን ሁሉ ዕቃ ማን ያወጣዋል የሚለውን ብቻ ነበር።

መኪናው እኔ ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ጓሮ ውስጥ ነበር። ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ወፍራም የወታደር ሸራ ለብሶ ይኖራል። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያው ወደ ኋላ የሚታጠፍ ጣሊያን ሠራሽ ነው። አርብ አርብ አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ ሸራውን ይገልጣል፤ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ያነሳል፤ ከፊት በኩል ማኖቬላ የሚባለውን የብረት እጀታ ያስገባና ሞተሩ እንዳይደርቅ ጥቂት ዙር በእጁ ያዞረዋል። ከዚያ መልሶ ይሸፍነዋል። ሲነዳው ያየ ሰው የለም። እኔ እስከማውቀው ቤንዚን ገብቶበት አያውቅም። የሰፈሩ ታክሲ ነጂዎች በዚህ ይስቁብን ነበር። «የእናንተ መኪና ዓመቱን ሙሉ ረመዳን ናት» ይሉን ነበር።

ብዙ ሰው ለምኖታል። የጭነት መኪና ያለው ጎረቤታችን የፊት መብራቱን ጠይቆ ተከለከለ። የእናቴ ወንድም ለሠርጉ አንድ ቀን ብቻ ብሎ ለምኖ ተከለከለ፤ አኩርፎም ሁለት ኢድ ቤታችን ሳይመጣ ቀረ። እናቴ ራሷ ጥላውን ለዶሮ ፈልጋው ነበር። አባቴ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ወሬ ይለውጣል። እኛ ልጆቹ ስስት ነው ብለን አሰብን። በሌላ ነገር ሁሉ ግን ስስታም አልነበረም።

ፈረንጁ በመጣሁበት ቀን ከምሳ በኋላ መጣ። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ቤት አይኬድም፤ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ጫቱ ላይ ነው። እሱ ግን አገሩን ገና አልለመደውም፤ ለፋብሪካ ተከላ የመጣ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር። መኪናውን ያየው ጎረቤት ቤት ግብዣ ላይ ሆኖ ነው። በዚያን ጊዜ ነፋስ የሸራውን ጫፍ ገልጦት ኖሯል። አባቴ ሥራ ላይ ነበር። እናቴ በዓይኗ ወደ ጓሮው ጠቆመችኝና ወደ ውስጥ ገባች።

ሸራውን አብረን አነሳነው። መሐንዲሱ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አየ፤ ከዚያ ተንበርክኮ ሻንሲው ላይ ያለውን አየ። ቀለሙን በጥፍሩ ሳይሆን በጣቱ ሥጋ ዳሰሰው። የወንበሩን ቆዳ አሸተተ። ከተነሣ በኋላ የነገረኝ ይህ ነው። እንዲህ ያለ መኪና የተሠራው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በጦርነቱ ጠፋ። የተረፉትን ደግሞ ሰው ቆራርጧቸዋል፤ አንዱ ሞተር ለውጧል፣ አንዱ ጭነት እንዲይዝ ኋላውን ቆርጧል፣ አንዱ በቤት ቀለም ቀብቶታል። ሁሉም ነገሩ ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ እስከ ዛሬ አላየሁም አለ።

እኔ በሙያዬ አንድ ሰው የነገረኝን ወዲያው አላምንም። ጥያቄውን ቀያይሬ ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ መልሱ አልተለወጠም። ዋጋውንም ነገረኝ። ቁጥሩን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። በዚያ ገንዘብ እናቴ እዚያው ከዚራ ውስጥ የድንጋይ ቤት ገዝታ ለዕቃውም ይተርፋታል ማለት ይበቃል። ሲሄድ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ብሎን እንኳን ሳይነካ እንዴት ቀረ?» አላውቅም አልኩት።

እናቴ መስኮቱ ሥር ሆና ስትሰማ ነበር። ስለ ገንዘቡ አላወራችም፤ ስለ ቤት ነበር የምታወራው። ካገባች ጀምሮ ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር መትታ አታውቅም፤ ቤቱ የኩባንያው ነው እየተባለ። በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ የኪራይ ቤት ፍለጋ ልትወጣ ነው። «አንተን ይሰማሃል» አለችኝ። «ተምረሃል።»

ወደ ማታ ላይ አባቴ ገባ፤ ሽርጡን ለወጠ፣ ሰገደ፣ በረንዳው ላይ ምንጣፉን ዘርግቶ ተቀመጠ። በእኛ ቤት ሶማሊኛ ነው የሚነገረው፤ አባትን አቦ፣ እናትን ሆዮ እንላለን። የሰማሁትን በሙሉ፣ ከነቁጥሩ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ሻሂውን እየጠጣ ሰማኝ። ሲጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የኔ ቢሆን» አለ፣ «አንተ የተወለድክ ዓመት ሸጬው ነበር።»

እናቴ ከደጃፉ ላይ እንዳለች ፊቷን አዞረች። ታውቅ ነበር ማለት ነው። የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

ታሪኩ አጭር ነው። አባቴ ወጣት ሆኖ አንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። እንግሊዞች ገብተው ጣሊያኖቹ እየተሰበሰቡ ሊወሰዱ ሲሉ፣ ባለ ጋራዡ ያቺን መኪና እየነዳ ወደ አባቴ ቤት አመጣት። ቁልፉን ሰጠው። እስክመለስ ያዝልኝ አለው። አባቴም እሺ አለ። ሌላ ቃል አልነበረም፤ ምስክርም አልነበረም። ኩባንያው ቀጥሮት ይህን ቤት ሲሰጠው መኪናዋን በገመድ አስጎትቶ አመጣት።

«አማና ነው» አለኝ። አማና እኛ ዘንድ በእጅህ እንዲቆይ የተሰጠህ የሌላ ሰው ንብረት ነው። አይሸጥም፣ አይዋስም፣ አይለወጥም፤ ባለቤቱ ልክ እንደሰጠህ ሆኖ መልሶ ማግኘት አለበት። አባቴ ይህን ቃል በቃል ነበር የወሰደው። ለዚህ ነበር መብራቱን ለጎረቤት፣ መኪናዋን ለሠርግ የከለከለው።

የመሐንዲሱ ጥያቄ መልስ አገኘ ማለት ነው። መኪናዋን ውድ ያደረጋት ያልተነካች መሆኗ ነው፤ ያልተነካችው ደግሞ የእኛ ስላልሆነች ነው። የእኛ ብትሆን ኖሮ መብራቷ ጭነት መኪና ላይ፣ ወንበሯ አንድ ሻሂ ቤት ውስጥ ይሆን ነበር፤ የሚገዛትም ባልመጣ። ይህን ሳስበው ደከመኝ። የሚከራከሩት ነገር አልነበረውም።

እናቴ ግን ተከራከረች። «ሰውዬው ረስቶታል» አለች።

«እሱ ቢረሳ እኔ ምን አገባኝ?»

«ሞቶ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ አባቴ።

ይሄኛው ሊጣራ የሚችል ነገር ስለሆነ እኔ ተነሣሁ። በማግስቱ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ፣ እዚሁ አግብቶ ወልዶ የቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ሄድኩ። ባለ ጋራዡን አስታወሰው፤ በመርከብ ሲሄድ ባሕር ላይ ሞቷል አለኝ። እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል ወይ ስለው፣ አስመራ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ አለ። እነማን እንደነበሩ ጠየቅሁት፤ እነሱም ሞተዋል። ከዚያ የካቶሊክ ሚሲዮኑን አሮጌ ቄስ ጠየቅሁ። እሳቸው ደግሞ ሰውዬው በደኅና አገሩ እንደገባ፣ ናፖሊ አካባቢ ጋራዥ እንደከፈተ ሰምተው ነበር። እሳቸውም የሰሙትን ነው የነገሩኝ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ወሬ፣ አንድም ያየ የለም። በዚያ ሙቀት የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሬ መገላ ሰፈር ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ደርቆ እንደገና ረጠበ። ሌላ ምንም አላገኘሁም።

ለአባቴ የዳቦ ጋጋሪውን አስቀድሜ ነገርኩት። የእናቴን ፊት እያየሁ ነበር። የቄሱንም ግን አልደበቅሁም።

አባቴ፣ «አንተ ጋዜጣህ ላይ ይህን ሞቷል ብለህ ትጽፈዋለህ?» አለኝ።

«አልጽፈውም።»

«እንግዲህ» አለ።

እናቴ በዚህም አላቆመችም። ልብሷን ለውጣ የመስጊዱ ሼኽ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሼኹ ባለቤቱ መሞቱ ከተረጋገጠና ወራሹ ከጠፋ መኪናው ተሸጦ ገንዘቡ በሰውዬው ስም ለደሃ ይሰጣል ብለዋት ነበር። «ለደሃ» አለች። «እኛ ምን እንደሆንን አልጠየቁኝም።» አባቴ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት በዚያ ሳምንት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሷም ልትስቅ ብላ ተወችው።

ለመሐንዲሱ የነገርኩት እኔ ነኝ። እንደ ሰበብ እንዳይቆጥረው ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁት። ዋጋ አልጨመረም፤ ለዚህ አከበርኩት። የባለ ጋራዡን ስም ጠይቆኝ ነገርኩት፤ አገሬ ስገባ አፈላልገዋለሁ አለ። ፈልጎ ይሆናል፤ ለእኛ ግን መልስ አልደረሰንም። ከመሄዱ በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና ሸራውን ራሱ አለበሳት። ገመዱን ሲያስር ተሳሳተ፤ እኔም አላስተካከልኩትም።

ወደ ሥራዬ ልመለስ የቀረኝ ጊዜ ለቤት ፍለጋ ዋለ። እናቴ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እኔ እከተላታለሁ። ከዚራን ለቅቀን፣ የደቻቱን አሸዋ ተሻግረን፣ ጠባብ ለጠባብ መንገድ። አንዱ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። አንዱ ኩሽና የለውም። አንዱ ጋ አከራዩ ብዙ ልጅ አላችሁ ወይ ብሎ፣ ልጆቼ አድገው ሄደዋል ስትለው፣ እንግዲያማ ይህን ሁሉ ክፍል ምን ያደርግላችኋል ብሎ ሊያሰናብተን ነበር።

ከቀትር በኋላ የሚሆን ቤት አገኘን። ሁለት ሰፋፊ ክፍል፣ ነፋስ የሚገባው ኩሽና፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ የራሱ ቧንቧ። የቤቱ ባለቤት ሐረሪ ሴት ነበረች፤ የጠየቀችው ኪራይ የአባቴን ጡረታ የሚጎዳ አልነበረም። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ቧንቧውን ከፍታ ውኃውን እጇ ላይ አፈሰሰች፤ ብዙ ቆየች። ለዓመታት ከሰፈሩ የጋራ ቧንቧ ወረፋ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። አለቀ ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

እሷ ግን ወደ ግቢው በር ሄደች። ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደችና አንዱን ጫፍ በአንደኛው መቃን ላይ ይዛ ወደ ሌላኛው ዘረጋችው። ሻርፑ መሐል ላይ አንድ ቋጠሮ ነበር። ጠዋት ከቤት ሳንወጣ የመኪናዋን ወርድ በሻርፑ ለክታ ኖሯል። ቋጠሮው ከሁለተኛው መቃን አልፎ ግድግዳው ላይ ደረሰ።

«በሩ ይሰፋል?» ብላ ጠየቀች።

«ለምን? ግመል አላችሁ?» አለች የቤቱ ባለቤት።

«ግመል ይሻል ነበር» አለች እናቴ። «ግመል ይሸጣል።»

ሴትየዋ ሳቀች። ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ አንድ ድንጋይ እንኳን መንካት እንደማትችል ነገረችን። እናቴ ሰማቻት፤ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየችም። ሻርፗን መልሳ ትከሻዋ ላይ ጣለች። ከዚያ ወደ ግቢው ተመለሰችና ያልተዘጋውን ቧንቧ አጥብቃ ዘጋችው፤ ሌላ ቤት ልናይ ወጣን።