ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፦ ውሃ የተወው ተፋላሚ

ከቀትር በኋላ፣ ከደሴ መውጫ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ጂም አለችኝ። የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ሰይድ ኮምቦልቻ ላይ ኤምኤምኤ ያሠለጥናል፤ ቦክሱም ትግሉም እርግጫውም የተቀላቀለበትን ፍልሚያ ማለቴ ነው። «ከዒድ በኋላ አዲስ አበባ የሚጋጠም ልጅ አለኝ፣ መጥተሽ ጉልበቱን እይልኝ» እያለ ስለነዘነዘኝ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ጠቀጠቀኝ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ የደሴ ብርድ በየኩርባው እየቀነሰ ሄደ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ በእጄ ይዣለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ኮምቦልቻ

ሰይድ «ጂም» ያለኝ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ግቢ ነው። የከባድ መኪና ጎማ፣ መዶሻ፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ፣ ሌላ ነገር የለም። ልጁ ጀማል ይባላል፤ ከኩታበር የመጣ የገበሬ ልጅ ሆኖ እዚህ ፋብሪካ ይሠራል። ጆንያውን አቅፎ አነሳና ትከሻው ላይ ጥሎ ግቢውን ዞረ። አውርዶ እንደገና አነሳው። እኔ ጋ በማሽን የሚኮሩት ጎረምሶች ያን ጆንያ ፈቀቅ አያደርጉትም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«እንዴት ነው?» አለኝ ሰይድ፣ ራሱ የተሸከመው ይመስል እየተኮፈሰ።

«ጉድ ነው» አልኩት።

ጀማል ሲጎነበስ ግን ከሹራቡ ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ጠጋ ብዬ አንገትጌውን ገለጥ ባደርግ ላስቲክ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ ለአንገቱና ለክንዶቹ ቀዳዳ አውጥቶ ለብሶታል። በዚህ ሙቀት፣ በረመዳን፣ በጾም አንጀቱ። ግንባሩን ስነካው ይፋጃል፤ ላብ ግን ጠብ አይልም። እጅግ ደነገጥኩ።

«ኪሎ ካልቀነስኩ አያጋጥሙኝም እህቴ» አለኝ። ካሸነፈ አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ደመወዝ ቆርጦ ሊወስደው ቃል ገብቶለታል። ከፋብሪካው መውጫ በሩ ይኸው ግጥሚያ ብቻ ነው።

«ረመዳን ራሱ ያግዘዋል ብለን እኮ ነው» አለ ሰይድ።

ላስቲኩን ቀድጄ አስወለቅኩት፣ ጥላ ሥር አስቀምጬ ራሱ ላይ ውሃ አፈሰስኩበት። «አሁኑኑ ጠጣ» ስለው፣ «አዛን ሊል ነው፣ ወላሂ ያኔ እጠጣለሁ» አለኝ። ሰይድ መሬት መሬት ያያል።

መግሪብ፣ ጀማል ቤት

አባቱ ሼህ ይመር ልጃቸውን ሊጠይቁ ከኩታበር መጥተዋል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ላይ ግን እንግዳ ከማፍጠሪያ ማዕድ አይቀርም። አዛን አለ። ጀማል አንድ ቴምር ጎረሰ፣ ውሃውን ከንፈሩ ላይ ብቻ አስነክቶ ብርጭቆውን አስቀመጠው።

«ጠጣ እንጂ» አሉት አባቱ።

«በቃኝ አባባ።»

«ምን ጠጣህና ነው የበቃህ?»

ጀማል ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ላስቲኩንም ኪሎውንም ዘረገፍኩት። ሼህ ይመር አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ብርጭቆውን አንስተው አቀበሉት።

«የአላህ ጾም አለቀ እኮ ልጄ። ይሄኛውን ለማን ነው የምትጾመው?»

ሰይድ በጆሮዬ «ከጠጣ ኪሎው አይወርድም፣ ግጥሚያው ቀረ ማለት ነው» ሲለኝ በክርኔ ጎሸምኩት። ጀማል ብርጭቆውን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጠጣ። አባቱ ደግመው ሞሉለት፣ እያለቀሰ ጠጣ። ከዚያው ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ነርሷ ግሉኮስ እየሰካችለት «ኩላሊቱ ለጥቂት ነው የተረፈው» አለችን።

በማግስቱ፣ ደሴ

ወደ ቤቴ ሽቅብ ስመለስ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም ነበር። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ጉልበት አታላይ መሆኑን ነው። ያን ያህል የሚሸከም ሰው እየተጎዳ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ እሱም ራሱን አይጠረጥርም።

ከሰዓት በኋላ ሰይድ ደወለ። ክለቡ ሌላ ልጅ ይዟል፣ ጀማልም ሲሻለው ወደ ፈረቃው ሊመለስ ነው።

«ሼህ ይመርስ ኩታበር ተመለሱ?» አልኩት።

«አልተመለሱም። እርሻው ይቆየኝ፣ እስከ ዒድ በየመግሪቡ ሲጠጣ በዓይኔ ልየው ብለው እዚሁ ቀርተዋል።»