ከሞተሩ ሥር የሚገባው ፍም

የሞቀ የሞተር ዘይት በሸተተኝ ቁጥር የምድጃ ፍም ሽታ አብሮት ይመጣብኛል፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አስረድቼ አላውቅም። ባለፈው ኅዳር ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ልንወጣ ስንል ሾፌሩ የፒካፑን ኮፈን ከፍቶ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ሲመዘው፣ ያው ሽታ መጣና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ። ሾፌሩ ያመመኝ መስሎት «ሽታው አስጠላሽ እንዴ?» አለኝ። «አይ» ብዬው መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ላይ ነበር። ልጅ ሳለሁ፣ በመስከረም፣ አንድ ነጭ ፒካፕ ወደ ግቢያችን ገባ። የገዛችው የአባቴ ታናሽ እህት አክስቴ ትርንጎ ነበረች። ገና በልጅነቷ ቤሩት ሄዳ፣ የሰው ቤት ስትጠርግና የሰው ልጅ ስታሳድግ ወጣትነቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ ይዛው የመጣችው አንድ ሻንጣና ለዚያ አሮጌ መኪና የበቃ ጥሪት ብቻ ነበር። «ጋሼ ይነዳሉ፣ እኔ አስጭናለሁ፤ ከእንግዲህ የሰው ደጅ አልጠርግም» ትል ነበር። እናቴ ግን መኪናው ባስነጠሰ ቁጥር ሥራዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር። «ይኼ መኪና የቆመ ዕለት ትርንጎ ትሄዳለች» ትለኝ ነበር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ከጉና ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት ስንነሣ የገብሱ ቃርሚያ ነጥቶ፣ በገንዳ ያደረው ውሃ ስስ በረዶ ለብሶ እናገኘው ነበር። የሞተሩም ዘይት እንደዚያው ረግቶ ያድራል፤ አባቴ መለኪያውን ሲመዘው እንደ ማር ተለጥጦ ይንጠለጠላል እንጂ አይንጠባጠብም። ስለዚህ እናቴ ከምድጃው ፍም ዝቃ በተሰበረ ጋን ገል ላይ ታደርጋለች፣ አክስቴ ገሉን በጨርቅ ይዛ ትወጣለች፣ አባቴም መሬት ላይ ተኝቶ ከሞተሩ ሆድ ሥር ይገፋዋል። «ሰውስ ቁርስ ሳይበላ ዳገት ይወጣል?» ይል ነበር። ዘይቱ እስኪላላ ድረስ አባቴ፣ አክስቴና እኔ ከመኪናው አጠገብ ቁጢጥ ብለን እጃችንን እናሞቅ ነበር። በረኪና የበላው የአክስቴ መዳፍ በብርዱ ስለሚሰነጣጠቅ ከሁላችንም አስቀድማ እጇን ወደ ፍሙ የምትዘረጋ እሷ ነበረች። ቤሩት ሳለች የናፈቃት ምን እንደነበር አንድ ቀን ብጠይቃት፣ አስባ አስባ «እንዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ» አለችኝ።

በጋው ሲገፋ ድንችና ገብስ ጭነን ወደ ሐሙሲት ገበያ እንወርድ ነበር፤ ትምህርት በሌለ ቀን እኔም ጋቢና ውስጥ በሁለቱ መካከል እቀመጣለሁ። ከደጋው ወርደን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ይገባና ሁላችንም ጋቢያችንንና ነጠላችንን እናወልቃለን። ሞተሩ ግን የሚያወልቀው አልነበረውም። ጠዋት እንደ ማር የረጋው ዘይት እዚያ እንደ ውሃ ይቀጥንና፣ በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፉብን ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ዘይቱ ጎድሎ ይገኛል። ቤቱ ደጋ፣ እንጀራው ሙቀት አገር የሆነ ሞተር ነበር፤ ለየትኛው እንደሚያለብሰው አባቴ ተቸግሮ ከረመ።

ቡሄ አልፎ ዝናቡ ጋብ ሲል አባቴ ዘይት ሊቀይር ተነሣ። ጎረቤታችን ጋሽ ሙላቱ፣ በጭነት መኪና ሾፌርነት ያረጀ ተጫዋች ሰው፣ ሊመክረው መጥቶ ጎማው ላይ ተቀመጠ።

«ወፍራሙን አድርግለት» አለው። «አሮጌ ሞተር እንደ አራስ ነው፤ ወፍራም ነገር ካልቀመሰ አይጠናም።»

አባቴ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። በእኛ አገር ቀጭን ነገር አይከበርም፤ ጠላዋ የቀጠነባት ሴት እንኳ እስከ ዓመቱ ትታማለች። ለሚወዱት ነገር ወፍራሙን መስጠት ለአባቴ ክርክር የሚያስፈልገው ጉዳይ አልነበረም።

አክስቴ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። «ጋሼ» አለች፣ ዐይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «ቤሩት የነበርሁበት ቤት ሾፌር ሁለት ቁጥር የተጻፈበት ዘይት ነበር የሚያደርገው። የፊተኛው ለብርዱ፣ የኋለኛው ለሙቀቱ ነው ይለኝ ነበር። በብርድ ቶሎ ይፈስሳል፣ ሲግልም ብዙ አይቀጥንም አሉ። እዚህ ከተማም ሱቅ ውስጥ አይቸዋለሁ።»

ጋሽ ሙላቱ ጭኑን መትቶ ሳቀ። «አይ ትርንጎ! አንድ ዘይት፣ ሁለት ጠባይ? ሰው እንኳ ያችን አንዷን ጠባዩን መቻል አቅቶታል! ደግሞስ የቤሩት ዘይት የጉናን ውርጭ የት ያውቀዋል?»

አባቴም ሳቀ። አክስቴም አፏን በነጠላዋ ሸፍና አብራቸው ሳቀችና ወደ ቤት ገባች። እናቴ «መኪናው ያንቺ አይደለም እንዴ? ምነው ጠንከር ብለሽ ብትናገሪ?» ስትላት፣ «በሰው ፊት ወንድሜን ላሳንሰው?» ብላ ድንቹን መላጥ ጀመረች።

ወፍራሙ ዘይት ገባ። እውነትም ጭሱ ቀነሰ፣ የሞተሩም ድምፅ ሰከነ። አባቴ መስከረምንና ጥቅምትን ደስ ብሎት ከረመ፤ ሐሙሲት ደርሰን ስንመለስ ኮፈኑን ይከፍትና «አየሽ ትርንጎ? ጠብታ እንኳ አልጎደለም!» ይላታል። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ» ትለው ነበር። ውርጭ ሲወርድ ግን አንድ ገል ፍም አልበቃ አለ፤ እናቴ ደግማ ትዝቅ ነበር፣ እኛም ከቀድሞው ረዘም አድርገን ቁጢጥ እንል ነበር።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ገል ገና ከሞተሩ ሥር እንደገባ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩ ባል እየሮጠ መጣ። «ድረሱልኝ! ሌሊቱን በሙሉ አማጠች፣ ልጁ አልወርድ አለ!» አለ። ከኋላው ሰዎች እሷን በቃሬዛ ተሸክመው ደረሱ፤ ጩኸቷ ደክሞ ወደ ማቃሰት ወርዶ ነበር። አባቴ መለኪያውን መዝዞ አየው፣ ዘይቱ አልላላም። «ትንሽ ቢሞቅ…» ብሎ ጀመረና ሴትዮዋን ሲያያት ቃሉን ሳይጨርስ ገሉን በእግሩ ገፍቶ ከመኪናው ሥር አወጣው። ፍሙ ውርጩ ላይ ተበትኖ ቸስ ቸስ ሲል እስካሁን ይሰማኛል።

አክስቴ ጋቢና ውስጥ እትዬ ጥሩን አቅፋ ተቀመጠች። እኔ ከተማ ትምህርት ቤት የምሄድ ስለነበርሁ ከባልየው ጋር ከኋላ ተጫንሁ፣ ፊቴንም የጋቢናው የኋላ መስታወት ላይ ለጥፌ ያዝሁ። ሞተሩ ብዙ ካለቀሰ በኋላ ተነሣ፤ ድምፁ ግን እህል እንዳለቀበት ወፍጮ ደረቅ ነበር። ወደ ከተማው የሚያስገባውን ረጅም ዳገት ስንጀምር ከውስጡ መዶሻ የሚመታ መሰለ። አባቴ እግሩን አነሣና መኪናው ዝግ አለ።

«ትርንጎ፣ ዘይቱ አልደረሰውም፣ ብረት ብረትን ሊነክስ ነው» ሲላት በተከፈተው መስኮት ሰማሁት። «ቆሜ ካላሞቅሁት ይሞታል።»

አክስቴ ቀና ብላ አየችው። ያንን መኪና ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስንት የተጠረገ ወለል እንደሆነ፣ ስንት የቤሩት ዓመት እንደሆነ። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ወንድሟን አንተ ብላ ጮኸችበት።

«ንዳው! አትቁም!»

ነዳው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንቋቋና ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን ሰምተነው አናውቅም። እትዬ ጥሩ ተረፈች። የወለደቻት ሴት ልጅ ናት፣ ስሟንም ትርንጎ አለቻት።

መካኒኩ ሞተሩን ሲፈታው ብረት ከብረት ተጣብቆ ተገኘ። አባቴ «ዘይቱ ነው ወይስ ጥድፊያው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «እርጅናውም አለበት፣ ሁሉም ነው» አለው። አባቴ ይህን መልስ አልወደደውም፤ አንዱ ብቻ ቢሆን ይሻለው ነበር። ለቅሶ እንደሚደርሱ ሰዎች ጎረቤቶቻችን እየመጡ፣ ተጎትቶ ግቢያችን በገባው መኪና አጠገብ ይቆሙ ነበር። ጋሽ ሙላቱም መጣ፣ አልቀለደም።

ክረምቱ ሳይገባ አክስቴ ያችኑ ሻንጣ አራግፋ ልብሷን አጣጥፋ ከተተች። ወደ ቤሩት በተመለሰችበት ማለዳ ጉም ነበር። አባቴ ሻንጣውን እስከ መንገዱ ተሸክሞላት፣ ሚኒባሱ ሲመጣ «ያን ጊዜ የነገርሽኝን ብሰማሽ ኖሮ…» ብሎ ጀመረ። አክስቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክላለት፣ «ይተዉት ጋሼ። ብርድ ነው፣ ይግቡ» አለችው። እሱ ግን ሚኒባሱ ጉሙ ውስጥ ከጠፋም በኋላ እዚያው ቆሞ ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ባለፈው ኅዳር ወደ ቤተሰቦቼ ቤት አድርሶኝ እዚያው አደረ። ጠዋት ቃርሚያው ሁሉ ነጥቶ ነበር፤ ሾፌሩ ግን ቁልፉን አንዴ ሲያዞረው ሞተሩ ተነሣ። ሳላስበው «ምን ዘይት ነው የምታደርግለት?» አልሁት። «ባለ ሁለት ቁጥሩን ነዋ፣ ዛሬ ሌላ ማን ያደርጋል?» አለኝና መስታወቱን መወልወል ቀጠለ። ከእኛ ፒካፕ የቀረው ወንበሩ ብቻ ነው፤ አባቴ ከግድግዳው ሥር አስቀምጦት ፀሐይ ይሞቅበታል። ትንሿ ትርንጎ ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ ጎራ ብላ ጉልበቱን ሳመችው፣ እሱም ራሷን ዳበሳት።

ገና ሳንሄድ የአባቴ ስልክ ጮኸ። አክስቴ ነበረች፤ ከዚያች ማለዳ ወዲህ ተመልሳ አታውቅም፣ ሁልጊዜ «ለከርሞ» ትላለች። ድምፅዋ ወፍሯል፣ እንደ ሩቅ ሰው ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። የሁላችንንም ደኅንነት ከጠየቀች በኋላ፣ ኅዳር ሲሆን ሁልጊዜ እንደምትጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ውርጭ ወርዷል?» አለችው።

አባቴ ውርጭ ባነጣው ግቢ ላይ ዐይኑን አንከራተተ። እጁን፣ በፊት ገሉ ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ፣ እሳት እንዳለ ሁሉ ዘርግቶ ነበር።

«የለም እታለሜ» አላት፣ «ዘንድሮስ ሙቀት ነው።»